የማላኪን እጅ የሰበረው ሰው

ፊንታን ደላሃንቲ ያን ቀን ዱላውን ሲያነሳ ያየው ሩሯን ነበር ወይስ የማላኪን እጅ?

የትውልድ አጥቢያው ባሊኮሪግ ሄዳችሁ ብትጠይቁ እጁን ነው ይሏችኋል። ያገባበት ክሉናግ ብትጠይቁ ደግሞ ሩሯን ይላሉ፤ ግን ዓይን ዓይናችሁን እያዩ አይደለም። ሚስቱ ኑዋላ ይህን ያህል ዘመን አብራው ስትኖር አንድ ቀን ጠይቃው አታውቅም። እሱ ራሱ ላም እያለበ፣ አጥር እያጠረ፣ ቅዳሴ ላይ ተንበርክኮ፣ ያችን ቅጽበት ሺህ ጊዜ መልሶ አይቷታል። ሩሯ ከፀሐዩ ውስጥ ወጥታ ቁልቁል ስትመጣ ይታየዋል። የማላኪ እጅ ወደ ላይ ሲዘረጋ ይታየዋል። ዱላው ሲያርፍ ክርኑ ድረስ ይሰማዋል። ከሁለቱ የትኛውን እያየ እንደመታ ግን አያውቅም። ያላወቀውን ነገር መማል ደግሞ አልሆነለትም። ሰው የጠላው አንድም በዚህ ነው፤ ቢምል ኖሮ ግማሹ ያምነው ነበር።

አውራጃው በኸርሊንግ፣ የኛን ገና በሚመስለው የዱላና የሩር ጨዋታ፣ ትልቁን ዋንጫ ያነሳው አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ሰባ ዓመት ከደብሊን ባዶ እጁን ተመልሷል፤ ከዚያ ወዲህም እንደዚያው። በዚያ በአንዱ ዓመት ግን አገሩ ያበደ ነበር የሚመስለው። ዋንጫው በከብት መኪና ላይ ተጭኖ በየአጥቢያው ሲዞር አልጋ የያዙ ሽማግሌዎች ብርድ ልብስ ተከናንበው እስከ በር ወጡ። ሕፃናትን እያነሱ ዋንጫው ውስጥ አስቀመጧቸው፤ የባሊኮሪጉ ቄስ ውስኪ ቀዱበትና መጀመሪያ እሳቸው ጠጡ። በዚያ ዓመት ከተወለዱት ወንዶች ልጆች እኩሌታው ማላኪ ተባሉ። ኋላ በትምህርት ቤት አስተማሪው ማላኪ ብሎ ሲጣራ አምስት ልጅ ይነሳ ነበር ይባላል። ፊንታን የተባለ ግን አልተገኘም።

ማላኪ ቱሂ አምበሉ ነበር። ከሰማይ የምትወርድ ሩር በባዶ እጁ፣ ከአራት ሰው ዱላ መሀል፣ ፖም ከዛፍ እንደሚቀጥፍ ሰው ይቀጥፋት ነበር። ፊንታን ደግሞ ቁጥር አራት፣ የግራ ጥግ ተከላካይ። የጥግ ተከላካይ ስሙ በሬዲዮ ካልተጠራ ነው ሥራውን የሠራው። በፍጻሜው ቀን የሱ ስም ሁለት ጊዜ ብቻ ተጠራ፤ እናቱ በዚህ ትኮራ ነበር። ሁለቱም የባሊኮሪግ ልጆች ናቸው። አብረው ቆረቡ፣ አንድ ወንበር ላይ ተማሩ፣ አንድ ግድግዳ ላይ ሩር ሲመቱ አደጉ።

የቡድኑ ፎቶ በየመጠጥ ቤቱ፣ በየሥጋ ቤቱ፣ በሐኪሙ ቤት ሳይቀር ተሰቅሏል። በባሊኮሪጉ መጠጥ ቤት ያለው ግን ጥጉ ላይ የከብት ገበያ ቀን መቁጠሪያ ተንጠልጥሎበታል። ቀን መቁጠሪያው በየዓመቱ ይለወጣል፤ ቦታው አይለወጥም። ከሥሩ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ያለው ፊንታን ነው።

ነገሩ የተበላሸው በጋብቻ ነው። በዚያ አገር ሰው የሚጫወተው ክርስትና ለተነሳበት አጥቢያ ነው። ሚስት ከየትም ማግባት ይቻላል፤ ማሊያ ግን ከእናት ጡት ጋር የተሰጠ ነው። ፊንታን ዋንጫው በተነሳ በሁለተኛው ዓመት የክሉናጓን ኑዋላን አገባ። አባቷ ሞቶ፣ እናቷ ታማ፣ አርባ ላም በእጇ ላይ ነበር። እሷ ላሞቿን ትታ መምጣት ስለማትችል እሱ ሄደ። ክሉናግና ባሊኮሪግ የሚለያዩት በአንዲት ወንዝ ነው፤ ድልድዩን ለመሻገር ሲጋራ ተለኩሶ አያልቅም። ፊንታንም የቅርብ ነገር መሰለውና ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከክሉናጎች ጋር ልምምድ ጀመረ፤ የዝውውር ወረቀቱንም ፈረመ። ሃይማኖቱን ቀይሮ ቢሆን ኖሮ ይቅር ይሉት ነበር። ታላቅ ወንድሙ ሎርካን ወረቀቱ የተፈረመ ቀን የፊንታንን ዱላዎች ከጎተራ አውጥቶ በሩ ላይ ደረደራቸው። ና ውሰድ ማለቱ ነበር።

በዓመቱ መከር ላይ ባሊኮሪግና ክሉናግ በአጥቢያዎች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። ማላኪን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ፊንታን ስለሆነ ክሉናጎች እሱን አጠገቡ አቆሙት። ጨዋታው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀር ያቺ ሩር ከፀሐይ ውስጥ ወጣች። ማላኪ እጁን ሰደደ፤ ፊንታን አየር ላይ መታ። እንዲህ ያለ ምት በኸርሊንግ ሕግ የተፈቀደ ነው፤ ዳኛው ፊሽካ እንኳ አልነፋም። ሦስት ጣትና የእጅ አንጓ ተሰበረ። ማላኪ አልጮኸም። እጁን ማሊያው ውስጥ ከቶ በእግሩ ወጣ፤ ክሉናግም አሸነፈ።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚል ሰው ባሊኮሪግ አልተወለደም። በቀጣዩ ዓመት አውራጃው ያለ ማላኪ ደብሊን ወርዶ ፍጻሜውን በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። በአንድ ነጥብ! ከዚያ ቀን ጀምሮ "ማላኪ ቢኖር ኖሮ" የሚለው ነገር እንደ ጸሎት ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ሲሸነፉም ማላኪ ቢኖር ኖሮ። ማላኪ ቢጫወት እንኳ አርባ ዓመት በሚሞላው ዘመን ሲሸነፉም ማላኪ ቢኖር ኖሮ። ማላኪን ሲጫወት አይተውት የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ ይሉታል።

ፊንታን የወተት ቦቴ ይነዳ ነበር። የባሊኮሪግ ገበሬዎች ሌላ ሾፌር ይላክልን ብለው ፈረሙ። ሥራውን ትቶ ከኑዋላ ላሞች ጋር ተቀመጠ። ክሉናጎችም ቢሆኑ አላቀፉትም፤ ሁለት ዓመት ካጫወቱት በኋላ "የመጣ ሰው ነው" ብለው ለራሳቸው ልጅ ቦታውን ሰጡ። እናቱ የሞተች ጊዜ ቤተሰቡ የፊተኛው ወንበር ላይ ተደርድሮ፣ ሰው በተራ እየመጣ ሲጨብጥ፣ ባሊኮሪጎች ሎርካንን ጨበጡ፣ ፊንታንን አለፉ፣ ኑዋላን ጨበጡ። መጀመሪያ መጀመሪያ እጁን ይዘረጋ ነበር። ኋላ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ሃያ አምስተኛው ዓመት ደረሰ።

በየዓመቱ በመስከረም መጀመሪያ እሑድ፣ ታላቁ ፍጻሜ ከመጀመሩ በፊት፣ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ዋንጫ ያነሳው ቡድን ሜዳ ላይ ይወጣል። ሁሉም አንድ ዓይነት ኮት ይለብሳሉ። በማሊያ ቁጥር ተራ ስማቸው ይጠራል፤ እያንዳንዱ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጥቶ እጁን ያነሳል፤ ሰማንያ ሺህ ሰው ያጨበጭባል። የሞተ ካለ ልጁ ወይም ወንድሙ ይወጣለታል። ለተጫዋች ከዚያ በኋላ የቀረው ክብር የሬሳ ሣጥኑ ላይ የሚዘረጋለት ማሊያ ብቻ ነው።

ፊንታን ይህን ቀን ለማንም ሳይናገር ሲጠብቅ ኖሯል። ያኔ እጅ አልሰበረም ነበር። ያኔ ቁጥር አራት ነበር፣ የባሊኮሪግ ልጅ ነበር። ያን ቀን ማንም ሊወስድበት አይችልም ብሎ ያምን ነበር። ሰኔ ላይ ለሌሎቹ ደብዳቤ እንደደረሳቸው በከብት ገበያ ሰማ። ፖስተኛዋ በየጠዋቱ ስትመጣ በመስኮት ያያታል። የመብራት ሒሳብ መጣ፣ የከብት ክትባት ማስታወቂያ መጣ፣ ደብዳቤው አልመጣም። ኑዋላ ስልክ ልደውል አለችው። እንዳትሞክሪ አላት፤ ሰው የራሱን ቦታ አይለምንም። ሐምሌ አለፈ። ነሐሴ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጺሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ድልድዩን ተሻገረ።

ሎርካን ግቢው ውስጥ የትራክተር ጎማ እየለጠፈ ነበር። ከእናታቸው ቀብር ወዲህ አልተነጋገሩም። ቀና ብሎ አየውና ወደ ጎማው ተመለሰ።

"ደብዳቤ መጥቶልኛል?" አለ ፊንታን።

"ሰኔ ላይ መጥቷል።"

"የት አለ ታዲያ?"

"መሳቢያ ውስጥ። ለፊንታን ደላሃንቲ፣ ባሊኮሪግ ይላል። እኔ እንደማውቀው ባሊኮሪግ እንዲህ የሚባል ሰው የለም።"

ደብዳቤዎቹ የሚላኩት ሰውየው ያኔ ይጫወትበት በነበረው አጥቢያ አድራሻ ነው። ፊንታን ይህን ማሰብ ነበረበት። አላሰበም፤ ሁለት ወር ሙሉ በተሳሳተ መስኮት ነበር ሲያይ የከረመው።

ስጠኝ አለው። ሎርካን እጁን በጨርቅ ጠረገ። አንድ ነገር ልጠይቅህ አለ። እዚያ ሜዳ ላይ ስትቆም ማላኪ ሁለት ሰው አልፎ ነው የሚቆመው። አገሩ በሙሉ በቴሌቪዥን ያያል። የባሊኮሪግ ሰው በሙሉ እዚያው አለ። ያን ሰውዬ በዚያ ቀን፣ በራሱ ቀን፣ አንተን አጠገቡ ታቆምበታለህ?

"እሱ ምን አለ?"

"አልጠየቅኩትም። አንተ ጠይቀው። ማላኪ ይምጣ ካለ ደብዳቤውን በእጄ አመጣልሃለሁ፤ ድልድዩ ድረስ።"

የማላኪ ቱሂ የብረታ ብረት ሱቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ነው። ፊንታን በምሳ ሰዓት፣ ሰው በሌለበት ደረሰ። ማላኪ ወፍራም መነጽሩን አድርጎ ምስማር እየመዘነ ነበር። ሦስቱ ጣቶቹ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጥ ብለው ቀርተዋል፤ በሁለቱ ግን ምስማሩን እንደ እህል ያፍሳል። ፊንታንን ሲያይ አልደነገጠም። በሩን ቆለፈና ወደ ጓዳ፣ ቀለም ቆርቆሮዎቹ መሀል ወሰደው።

"ቁጭ በል። እዚያ አይደለም፣ ገና አልደረቀም። አርጅተሃል እኮ አንተ።"

"አንተም።"

"እኔማ ያረጀሁት ያኔ ነው።"

ፊንታን የመጣበትን ነገረው። ማላኪ ሲሰማ ቆየና ፈገግ አለ። እንዴት ሳላስብበት አለ፣ ለካ ያማረ ነገር ነው።

"ና እንጂ! ምን ከለከለህ? ቁጥር አራት ሲባል ትወጣለህ። እኔ ከሰልፌ ወጥቼ እመጣና ይቺን እጅ እሰጥሃለሁ። ካሜራ አለ፣ ሕዝብ አለ። ይቅር ብዬሃለሁ እልሃለሁ። አለቀ በቃ። ከዚያ ወዲያ ባሊኮሪግ ውስጥ የሚያኮርፍህ ሰው ካለ ጠቡ ከኔ ጋር ነው።"

ፊንታን ሃያ ሁለት ዓመት የፈለገው ይህን ነበር፤ አሁን እንደ ምስማር ተመዝኖ ቀረበለት። ከተነሳ በኋላ፣ በሩ ጋ ደርሶ፣ ለማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ።

"ያን ቀን ስመጣብህ አይተኸኝ ነበር?"

ማላኪ ሳቀ። መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። መነጽር የሌለው ፊቱ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

"አንተን? እኔ ሩሯን ራሷን አላየኋትም። እጄን የሰደድኩት በድምጿ ነው።"

ከዚያ የነገረውን ነገር፣ ለሚስቱ እንኳ ነግሮ እንደማያውቅ ምሎ ነው የነገረው። በዚያ ዓመት ጸደይ ዓይኑ ከፋ። ሰው እንዳያየው ሌላ አውራጃ ድረስ ሄዶ ሐኪም አየው። ፀሐይ ስትሆን ሩሯ ሁለት ሆና ትታየዋለች፤ አንዳንዴም ጭራሽ አትታየውም። ለአውራጃው አሰልጣኝ ከመናገር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። አሰልጣኙ ከግማሽ ፍጻሜው ሁለት ሳምንት በፊት ቤቱ መጥቶ፣ ከእንግዲህ አንጠራህም፣ አንተው በክብር ተሰናበት አለው። ማላኪ የመሰናበቻ ንግግሩን ሁሉ ጽፎ ነበር። ያ አሰልጣኝ ከሞተ አሥር ዓመት ሆኖታል።

"ከዚያ አንተ መጣህ" አለ ማላኪ። "እግዜር ይስጥህ።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"ምን ብዬ? ታወርኩ ብዬ? የተጣለ አምበል በየአውራጃው ሞልቷል፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እጁን የተሰበረ ግን..." ወደ ሱቁ በአገጩ አመለከተ። "ሰው እዚህ የሚመጣው ምስማር አጥቶ መሰለህ? ምስማር ከተማ ወርደህ በግማሽ ዋጋ ታገኛለህ። እጄን ሊያዩ ነው የሚመጡት። ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ጨብጠው ይሏቸዋል።"

"ታዲያ እኔን ይቅር የምትለኝ ምኑን ነው?"

ማላኪ መነጽሩን መልሶ አደረገ። የተናደደም ያፈረም አይመስልም ነበር።

"እነሱ የሚያውቁትን" አለ። "እኔና አንተ የምናውቀውንማ ማን ያጨበጭብለታል?"

ፊንታን ድልድዩን ተሻግሮ ሲመለስ በእግሩ የሄደ ያህል ቀስ ብሎ ነው የነዳው። ቤት ሲደርስ ኑዋላ በር ላይ ቆማ ነበር። አልሄድም አላት። ማላኪ ሰደበህ ወይ አለችው። አልፏት ገባ። እንደሰደበው ቆጠረች፤ እሱም ተዋት። እውነቱን ቢነግራት በማግስቱ ገበያ ላይ እንደምታወጣው ያውቃል። ሎርካን ጋ አልተመለሰም። ደብዳቤው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ቢበሰብስ ይሻላል ብሎ ነበር ያሰበው።

እሑድ ኑዋላ የበሬ ሥጋ ጠበሰች። ቴሌቪዥኑን እከፍታለሁ ወይስ ልተወው ብላ ጠየቀችው፤ ክፈቺው አላት። ጨዋታው የሌሎች አውራጃዎች ነው፤ የሱ አውራጃ ከተባረረ ቆይቷል። ግራጫ ፀጉር ያላቸው ሰዎች አንድ ዓይነት ሰማያዊ ኮት ለብሰው ተሰልፈው ወጡ። አንዱ ያነክሳል፤ አንዱን ለመለየት ጊዜ ወሰደበት። ስም መጠራት ተጀመረ። ቁጥር ሁለት ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሴት ልጁ ወጣችና እጇን አነሳች፤ ሕዝቡ ለስለስ አድርጎ አጨበጨበ። ቁጥር ሦስት ራሱ ወጣ።

ከዚያ ድምፅ ማጉያው፣ ቁጥር አራት፣ ስለ ፊንታን ደላሃንቲ ወንድሙ ሎርካን አለ።

ሎርካን አንድ እርምጃ ወጣ። እጁን አነሳ። ሰማንያ ሺህ ሰው ለስለስ አድርጎ አጨበጨበ፤ ለቁጥር ሁለት እንዳጨበጨበው። ሎርካን በወጣትነቱ ለአውራጃው ቡድን ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሦስቴም ተመልሷል። ኑዋላ ያየችው ግን ኮቱን ነው። ሎርካን የፊንታንን እጥፍ የሚያህል ሰው ነው፤ ኮቱ ደግሞ ትከሻው ላይ ልክክ ብሏል። የየሰው ኮት ልክ ከደብዳቤው መልስ ጋር የተላከው ሰኔ ላይ ነው።  ማላኪ ከሰልፉ ወጥቶ በዚያች እጅ ሎርካንን አቀፈው። ይኼኔ ሕዝቡ ለስለስ አድርጎ አይደለም ያጨበጨበው፤ ስታዲየሙ ተናወጠ። ተንታኙ ድምፁ ተቆራርጦ፣ እንዲህ ያለ ልብ ያለው አምበል ነበር አለ።

ጨዋታው ሳይጋመስ ስልክ ጮኸ። ኑዋላ አነሳች፣ ጥቂት ሰማች፣ መነጋገሪያውን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"ፓኪ ስከሊ ነው፣ ከበርሚንግሃም። ነፍስ ይማር እያለኝ ነው።"

ፓኪ ቁጥር አምስት ነበር። ዳሌውን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ከአልጋ ስላልተነሳ በቴሌቪዥን ነው ያየው። ለአምስት ዓመት ከፊንታን ፊት ቆሞ ተጫውቷል። ፊንታን ስልኩን ተቀበላት።

"ማን ልበል?" አለ ፓኪ።

"ጎረቤት ነኝ። ላሞቹን ላልብላቸው መጥቼ ነው።"

"እግዜር ይስጥህ። እኔኮ አልሰማሁም፤ አሁን ገና በቴሌቪዥን አይቼ ደርቄ ቀረሁ። መቼ ነው?"

"ቆይቷል።"

"ወይኔ። ደህና ሰው ነበር እኮ። እንደሱ ያለ የጥግ ተከላካይ አላየሁም፤ ከኋላዬ ሲሆን ዞሬ አይቼ አላውቅም። ያ የእጅ ነገር ባይኖር..." ፓኪ አሳለ። "ለመሆኑ ከመሞቱ በፊት ማላኪ ይቅር ብሎታል?"

ፊንታን ቴሌቪዥኑን አየ። ማላኪ በእንግዶች ወንበር ላይ ተቀምጦ ለአንድ ሕፃን ይፈርም ነበር።

"ብሎታል" አለ።

"ተመስገን። እንግዲህ በሰላም ሄዷል።"

ላሞቹ እየጮሁ ነው ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ኑዋላ አፏን ይዛ ቀረች። ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ አለችው፣ በቁምህ ተዝካርህን ትበላለህ እንዴ? ያኔ ነገራት። የዓይኑን ሐኪም፣ የአሰልጣኙን፣ የንግግሩን ወረቀት፣ በድምጿ የተዘረጋውን እጅ፣ ሁሉንም። እሷ ቆማ ሰማች። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ጫማዋን ማድረግ ጀመረች፤ አሁኑኑ ባሊኮሪግ ሄዳ መጠጥ ቤቱ መሀል ቆማ ልትናገር። የመኪናውን ቁልፍ ከእጇ ወሰደው።

"ለማን ትነግሪያለሽ? ያላቸው ያ እጅ ብቻ ነው። እሱን ከወሰድሽባቸው የሚቀራቸው ሃያ ሁለት ዓመት መሸነፍ ነው።"

"እኛስ?" አለች ኑዋላ። "እኛ ምን አለን?"

 ላሞቹን ሊያልብ ወጣ። የእራቱን ሥጋ ውሻው በላው። ኑዋላ ተኛች፤ እሱ ወንበሩ ላይ እንዳለ ነጋ።

ሰኞ ጠዋት እሱ ላሞቹን እያለበ ሳለ ኑዋላ ቁልፉን ከኮቱ ኪስ አውጥታ ሄደች። ባሊኮሪግ አልደፈረችም፤ የክሉናግ ፖስታ ቤት ገባች፣ የገዛ አጥቢያዋ፣ የገዛ ሰዎቿ ጋ። ለፖስታ ቤቷ ሴትና በሰልፉ ለቆሙት አራት ሰዎች ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች። ሲመለስ ያገኛት ኩሽና ውስጥ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ ነው። ምን አሉሽ አላት። 

"እጁን ሰብራችሁ አልበቃ ብሏችሁ አሁን ደግሞ ዓይኑን ልታጠፉ ነው አሉኝ።"

ፊንታን ራሱን ነቀነቀ። አልተገረመም። ኮቷን ከትከሻዋ ላይ አወረደላትና ምስማሩ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ቦቲውን ሊያወልቅ መኝታ ቤት ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንዱን አወለቀ፤ ሌላውን እንዳደረገ በጎኑ ጋደም አለ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ኑዋላ አላነሳችውም። እንቅልፍ የወሰደው ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር።